የጥይት ጌምና የሐርጌሳ ልጆች

በሶማሌላንድ ዋና ከተማ በሐርጌሳ መሀል፣ ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ አንድ ሚግ ተዋጊ አውሮፕላን ተሰቅሏል። በ1988 (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ አየር ኃይል ከከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሣ ከተማዋን ራሷን ሲደበድብ ከነበሩት አንዱ ነው። ከሥሩ እጅና እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች ተሥለዋል። ከማሕሙድ ሃይቤ ወረዳም ሆነ ከሌሎቹ የከተማዋ ወረዳዎች ወደ መሀል ከተማ የሚወጣ ልጅ ያንን እያየ ነው የሚያድገው። ስለዚህ «የጥይት ጌም ልጅን ጨካኝ ያደርጋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ሲነሣ ክብደቱ ሌላ ነው።

ክርክሩ ግን የተሟሟቀው አሜሪካ ነው። በ1961 አልበርት ባንዱራ ባደረገው ሙከራ፣ አዋቂ ሰው የላስቲክ አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ሕፃናት እነሱም ደበደቡት። አሻንጉሊቱ ለመመታት የተሠራ ነው የሚለው ትችት እስከ ዛሬ ይነሣል። በ1993 ሞርታል ኮምባት የተባለው ጌም የአሜሪካን ሴኔት አነጋገረ፤ በዓመቱ ጌሞች ላይ የዕድሜ ደረጃ መለጠፍ ተጀመረ። በ1999 በኮሎምባይን ትምህርት ቤት ጅምላ ግድያ የፈጸሙት ተማሪዎች ዱም የተባለውን የጥይት ጌም ይጫወቱ እንደነበር ሲሰማ ፍርሃቱ ባሰ።

ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች ሁለት ወገን ሆኑ። እነክሬግ አንደርሰን ጌሙ የጠበኝነትን ሐሳብና ድርጊት ይጨምራል አሉ። እነክሪስቶፈር ፈርጉሰን ደግሞ መለኪያውን ተጠራጠሩ፤ በቤተ ሙከራ ጠበኝነት የሚለካው ተጫዋቹ ለሌላው ሰው ምን ያህል የሚያቃጥል ስጎ እንደመደበ ወይም ምን ያህል የሚያደነቁር ድምፅ እንደለቀቀበት ነውና። በ2019 አንድሩ ፕርዚቢልስኪና ኔታ ዋይንስታይን አንድ ሺህ ያህል የእንግሊዝ ታዳጊዎችን ከወላጆቻቸው ምስክርነት ጋር አጥንተው ግንኙነት አላገኙም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 ያለው ይበልጥ ያሳምነኛል፦ ከመጮህና ከመገፋፋት ጋር ትንሽ ዝምድና አለ፤ ለነፍስ ግድያ ግን ጌሙን ተጠያቂ የሚያደርግ በቂ ማስረጃ የለም።

አንድ ጥያቄ ግን ይቀረኛል። በ2003 በወጣው ዴልታ ፎርስ፦ ብላክ ሆክ ዳውን ጌም ተጫዋቹ የአሜሪካ ወታደር ሆኖ ሞቃዲሾ ውስጥ ሶማሌዎች ላይ ይተኩሳል። አጎቱን የሚመስል ሰው ላይ የሚያነጣጥር የሶማሌ ልጅ ምን ይሰማዋል? የእንግሊዝ ታዳጊዎች ጥናት ይህንን አይመልስም።

መንግሥታት የሚቀናቸው መዝጋት ነው። ሞቃዲሾ በነሐሴ 2023 ቲክቶክን፣ ቴሌግራምንና ዋንኤክስቤትን ለመዝጋት ስታዝ ዘግናኝ ምስሎችን አንዱ ምክንያት አድርጋ ነበር፤ ሥልጣኗ ግን ራሷን ችላ ወደምትተዳደረው ሶማሌላንድ፣ ወደ ሐርጌሳ፣ አይደርስም። አዲስ አበባ ላይ በ2016 የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ የሚያቀርበው ቃና ቴሌቪዥን ሲጀምር የተነሣው ሙግት ደግሞ ስለ ባህል እንጂ ስለ ጠበኝነት አልነበረም። የፕሌይስቴሽን ቤት ነገር ሲነሣም ወላጅን ይበልጥ የሚያሳስበው ልጁ ከክፍል መቅረቱና የሚያወጣው ሳንቲም ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ እውነተኛው ደም ነው። ልጅ በቤቱና በሰፈሩ የሚደርስበት ወይም የሚያየው ዱላ ከጌም ይልቅ የኋላ ጠበኝነትን እንደሚጠቁም ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። በ2023 በላስ አኖድ ከተማ በተደረገው ውጊያም ሆነ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት የሬሳ ምስል ከስልክ ወደ ስልክ ተላልፏል። ጌሙ ቢያንስ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚፈቀድ ተጽፎበታል። ለልጅ የተላከውን የጦር ሜዳ ቪዲዮ ግን ከእናት ከአባቱ በቀር ቀድሞ የሚያይለት የለም።