ሲከራይ የኖረ ቤት ከመሸጡ በፊት ሽታው የሚወገድበት መንገድ፤ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር

በሰሜን ሸዋ፥ ይልቁንም በደብረ ብርሃንና በአንኮበር፥ ብዙ ዘመን ሲከራይ የኖረ ቤት ለሽያጭ በሚቀርብበት ጊዜ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚያስበው ግድግዳውን ኖራ መቀባትና ገዥ በሚመጣበት ዕለት ዕጣን አጭሶ ቡና መቁላት ነው። ይህ ልማድ ክፉ ነው አንልም፤ እንግዳን በቡና ሽታ መቀበል ያገራችን ወግ ነው። ነገር ግን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው፥ የቤት ሽታ ሥር የሚሰደው በአየሩ ውስጥ ሳይሆን በግድግዳው፥ በኮርኒሱና በወለሉ ውስጥ ስለ ሆነ፥ አየሩን ማጠን ሽታውን ለጥቂት ሰዓት ከመሸፈን በቀር እንደማያስወግደው ነው። ከዚህም በላይ አንዳንዱ መድኃኒት ከማይስማማው ሽታ ጋር ሲገናኝ ነገሩን ያብሰዋል፤ ሰውንም ሊጎዳ ይችላል።

ጉዳዩ ለምርምር መጽሔት የሚበቃ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በነዚህ ከተሞች ጡረታ ለሌለው ሽማግሌ ወይም ባሏ ለሞተባት ሴት በግቢው ውስጥ ያለው የኪራይ ክፍል ብቸኛ ሀብት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። እንደሚታወቀው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በ1967 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የግል ሰው ቤት እንዳያከራይ ተከልክሎ ነበር። ዛሬ ማከራየትም መሸጥም ይቻላል፤ ይሁን እንጂ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት አይሸጥም፥ አይለወጥም። ስለዚህ በሕግ ረገድ ሰው የሚሸጠው ሠርቶ ያቆመውን ግድግዳ፥ ጣራና ወለል ነው። ሽታውም የሚገኘው እዚያው ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ሽታው ምንጭ እንመለስ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ ሌሊቱ ውርጭ ነው። አንኮበርም በገደሉ አፋፍ ላይ ስላለች ጉሙና ብርዱ አይለያትም። በዚህ ምክንያት መስኮቱ ትንሽ ይሆናል፤ እርሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ይውላል። አንድ ክፍል የተከራየ ቤተሰብ በዚያው ክፍል ኩበት ወይም ባሕር ዛፍ እያነደደ ወጥ ይሠራል፤ ቅቤ ያነጥራል፤ ይተኛል። በከተማው ዳርቻ ደግሞ በግና ጥጃ ከብርድና ከሌባ ለማዳን ማታ ማታ ወደ ቤት የሚያስገባ አለ። ጠላ የሚጠመቅበትና አረቄ የሚወጣበት ክፍል የድፍድፍ ሽታ ለብቻው አለው፤ ይህ ግን እንስራውና ጋኑ ወጥቶ ወለሉ በደንብ ከታጠበ በቶሎ የሚለቅ ነው።

ጭድ የገባበት የጭቃ ግድግዳ ቀዳዳው የበዛ ስለ ሆነ የመጣለትን ሁሉ እንደ ስፖንጅ ይመጣል። የጢስ ሽታ ጥላሸት ብቻ አይደለም፤ ከጥላሸቱ ጋር አብሮ የሚጣበቅ ቅጥራን አለ፤ በቅጥራኑም ውስጥ ፌኖል የሚባሉት ውሁዶች ይገኛሉ። እነዚህ ቀስ በቀስ፥ ለዓመታትም ቢሆን፥ ወደ አየር ይተናሉ። ሙቀት ሲጨምር ትነቱ ይበረታል። ደላላው ገዥውን በውርጭ ጧት ይዞት ሲመጣ ሽታ የሌለው የመሰለው ቤት፥ ቆርቆሮው በቀትር ፀሐይ ሲግል እንደገና መሽተት የሚጀምረው ስለዚህ ነው። (ደላሎች ይህን ከኬሚስትሪ መምህር ሳይማሩ የሚያውቁት ይመስለናል።)

የጢስ ሽታ ባለበት ቤት በጥላሸቱ ላይ ኖራ ወይም የውኃ ቀለም መቀባት ከንቱ ድካም ነው። ቅጥራኑ እርጥበቱን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣና በጥቂት ሳምንት ውስጥ ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። መጀመሪያ ጥቀርሻውን መጥረግ፥ ቀጥሎ የላይኛውን ምርጊት መፋቅ፥ ከዚያም በአዲስ ጭቃ መምረግ ያስፈልጋል። ከአቡጀዴ ወይም ከማዳበሪያ ከረጢት የተሠራ ኮርኒስና በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ግን ቢታጠብም አይለቅም፤ አውርዶ መጣል ይሻላል።

ለሌሎቹ ሽታዎች ኬሚስትሪ ቀላል መመሪያ ይሰጠናል፤ ይኸውም አሲድ ለሆነ ሽታ አልካሊ፥ አልካሊ ለሆነ ሽታ አሲድ ነው። የቆየ ቅቤ የሚሸተው ቡቲሪክ አሲድ ስላለበት ነው። እናቶቻችን ቅቤ የነካውን ዕቃ በአመድ የሚያሹት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአመድ ውኃ ውስጥ ያለው አልካሊ አሲዱን ወደ ጨው ይለውጠዋል፤ ጨውም ስለማይተን አይሸትም። ስለዚህ ምድጃው በነበረበት ጥግ ያለውን የሲሚንቶ ወለል በአመድ ውኃ ወይም በሶዳ ማሸት ይጠቅማል።

የሽንት ሽታ የዚህ ተቃራኒ ነው። በሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ በባክቴሪያ ኀይል ተለውጦ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ደግሞ አልካሊ ነው። ከአሞኒያው ከፊሉ ይተናል፤ ከፊሉ በጭቃው ውስጥ ጨው ሆኖ ተይዞ ይቀመጣል። እንግዲህ ባለቤቱ በግ ሲታሰርበት የኖረውን ክፍል አጸዳለሁ ብሎ ኖራ ሲቀባው፥ ኖራ ብርቱ አልካሊ ስለ ሆነ፥ ያ ጨው ይፈታና አሞኒያው ጋዝ ሆኖ ይለቀቃል። ዐይን እስኪያቃጥል የሚሸተውም በዚህ ጊዜ ነው። ኖራው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ቦታው ስላልሆነ ነው። እንዲህ ባለው ክፍል አስቀድሞ የአፈሩን ወለል አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሮ ማውጣትና በንጹሕ አፈር መተካት፥ የግድግዳውንም የታችኛውን ምርጊት ማንሣት ይገባል። ሲሚንቶ ከሆነ በአቸቶ ውኃ አጥቦ ማድረቅ ነው። ኖራው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

በረኪናን በሚመለከት ጠንቅቀን መናገር አለብን። ሽንት በጠጣ ወለል ላይ በረኪና ቢፈስ ከአሞኒያው ጋር ተዋሕዶ ክሎራሚን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ከአቸቶ ወይም ከሎሚ ጋር ቢደባለቅ ደግሞ የሚወጣው ክሎሪን ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1915 በኢፕር ጦር ሜዳ ወታደሮች የተፈጁበት ጋዝ ነው። መስኮቱ በተዘጋ ትንሽ ክፍል ውስጥ ለማጽዳት የምትገባው ብዙ ጊዜ የቤት ሠራተኛ ወይም የባለቤቱ ልጅ ስለ ሆነች፥ ይህን ሳይነግሩ በረኪና ማስያዝ ትልቅ በደል ነው።

ሽታው መልቀቁን ባለቤቱ ራሱ ሊፈርድ አይችልም። አፍንጫ ዘወትር የሚያገኘውን ሽታ ይለምድና ማስታወቅ ይተዋል። ቤቱን አንድ ቀን ከነሌሊቱ ዘግቶ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፥ ጣራው ሲሞቅ፥ እዚያ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ማስገባት ይሻላል። ገዥም በዚሁ ሰዓት ቢመለከት ይጠቀማል፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ መሆኑን ቢደነግግም፥ ሽታ ጉድለት ይባላል ወይስ አይባልም የሚለውን ለሕግ ተማሪ ጓደኞቻችን እንተወዋለን።

የቀረው የጊዜ ነገር ነው። በክረምት የተመረገ ጭቃ ሳይደርቅ ሻጋታ ያወጣና በአሮጌው ሽታ ፈንታ አዲስ ሽታ ይተካል። ከጥቅምት በኋላ ያለው በጋ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ማታ የተመረገ እርጥብ ጭቃ ውርጭ ከመታው በውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ስለሚያብጥ ምርጊቱ ይሰነጠቃል፥ ይላጣልም። ስለዚህ በደብረ ብርሃን ሥራውን በማለዳ ጀምሮ ከቀትር በፊት መጨረስ፥ ቀን በርና መስኮቱን መክፈት፥ ፀሐይ ስትጠልቅ መዝጋት ነው። ጉም በማይለያት በአንኮበር ለመድረቂያው ተጨማሪ ቀናት ማሰብ ያስፈልጋል፤ ኖራ የሚቀባውም ምርጊቱ በእጅ ሲዳሰስ እርጥበቱ ከጠፋ በኋላ ነው።