የጋሼ ሁለት ደብተሮች እና የስልካችን ብር

አዘዞ እኛ ሰፈር ያሉት ባለሱቅ ሁለት ደብተር አላቸው። በአንዱ ማን ምን በዱቤ እንደወሰደ፣ ማን ስንት እንደከፈለ በየዕለቱ ይጽፋሉ። በሌላው የእያንዳንዳችን ጠቅላላ ዕዳ ብቻ ነው ያለው። ክረምት ላይ ጣሪያው ሲያፈስ ጋሼ ሮጠው ያነሱት የመጀመሪያውን ነው። «ይሄ ካለ ያኛውን ቁጭ ብዬ እደምረዋለሁ» አሉኝ። ዩኒቨርሲቲ «ስቶክ» እና «ፍሎው» እየተባልኩ አንድ ሴሚስተር የለፋሁበትን ነገር በአንድ አፍ ጨረሱት!

በስልካችሁ ብር ስትልኩ ከጀርባ ያለው ዳታቤዝም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ በጣም ግዙፍ መሆኑና በየሰከንዱ መቀየሩ ነው። ሁሉንም በየሰዓቱ ኮፒ ማድረግ ስለማይቻል ባለሙያዎች አንዳንድ ሠንጠረዦችን መርጠው ቶሎ ቶሎ ባክአፕ ያደርጋሉ። የትኞቹን? ከሌላ ተደምረው ሊገኙ የማይችሉትን። ቀሪ ሂሳብ ከግብይት ይሰላል፤ ግብይት ግን ከቀሪ ሂሳብ አይወጣም።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ሰዎች ከሂሳባቸው በላይ ሲያወጡ ትዝ ይላችኋል? ባንኩ ወደ 801 ሚሊዮን ብር እንደተወሰደበት ገልጾ ነበር። ያኔ ችግሩ የባክአፕ አልነበረም። ግን ያልመለሱትን ሰዎች ስም እስከመለጠፍ የደረሰው እያንዳንዱ ግብይት ተመዝግቦ ስለነበር ነው።

መምረጡ ግን የራሱ ወጥመድ አለው። የግብይት ሠንጠረዡ 4:00 ላይ፣ የቀሪ ሂሳቡ 4:05 ላይ ኮፒ ቢደረግና መሀል ላይ ለእህታችሁ 500 ብር ብትልኩስ? ኮፒው ላይ ብሩ ከእናንተ ጎድሏል፣ የት እንደሄደ ግን አይታወቅም። ለዚህ ነው እንደ ፖስትግሬስና ማይኤስኪውኤል ያሉት ዳታቤዞች ሥራ ሳይቆም የተመረጡትን ሠንጠረዦች ሁሉ የአንድ ቅጽበት መልካቸውን ይዘው እንዲገለበጡ የሚያደርጉት።

ሌላው ጣጣ ባክአፑ መሥራቱን አለማየት ነው። በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ጊትላብ የተባለው ኩባንያ ባለሙያው በስህተት ዋናውን ዳታቤዝ ሰረዘ። ዕለታዊ ባክአፑ ሲፈለግ ባዶ! የሚገለብጠው መሣሪያ ከዳታቤዙ ቨርዥን ጋር ስላልተስማማ ዝም ብሎ ይከሽፍ ነበር፤ የማስጠንቀቂያ ኢሜይሉም አልደረሰም። ያተረፋቸው አንድ ባለሙያ ከ6 ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ የወሰደው ኮፒ ነው።

እኔም የጋሼን ደብተር ቅዳሜ ማታ በስልኬ ፎቶ ማንሳት ጀምሬአለሁ። ትናንት ከፍቼ ሳየው ሦስቱ ገጽ ደብዝዞ አይነበብም።