ስለ ሙጫና ስለ ብረት ዝገት

የዛፍ ሙጫ ብረትን ከዝገት ይጠብቃልን? ብሎ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ «ሙጫ» የሚለውን ቃል መመርመር ይገባዋል። በአማርኛ ይህ ስም ከግራር ለሚወጣውም፣ ከዕጣንና ከከርቤ ዛፍ ለሚንጠባጠበውም በአንድነት ይሰጣል። ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው። የግራር ሙጫ በውሃ ይሟሟል፤ የዕጣን አብዛኛው ክፍል፣ ሊቃውንት ሬዚን የሚሉት፣ ውሃን አይቀበልም፤ የሚሟሟው በአልኮል ወይም በትኩስ ዘይት ነው። ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክሲጅን ሲያገኙት ስለ ሆነ፣ በግራር ሙጫ የተቀባ ማጭድ ተጠብቆ የሚቆየው ዝናብ እስኪነካው ድረስ ብቻ ነው።

ቡናና ማሽላ ከሚመረትበት ከመቻራ አካባቢ ወደ ሐረርጌ ቆላዎች ለሚወርድ ሰው ግራርም የከርቤ ወገን የሆኑ ቁጥቋጦዎችም ጎን ለጎን ይታዩታል። ከርቤን ኦሮሞው «ቁምቢ»፣ ሶማሌው «ማልማል» ይለዋል። ለሠራተኛ የሚጠቅመው እንዲህ ያለው የዛፉ የራሱ ስም እንጂ የጋራው ስም አይደለም። ይሁንና ከርቤም ንጹሕ ሬዚን አይደለም፤ ከመቶ ከ30 እስከ 60 የሚደርሰው እጅ በውሃ የሚሟሟ ሙጫ ነው። ስለዚህ ተወቅጦ በአልኮል ይዘፈዘፋል፤ ሙጫው ከሥር ሲዘቅጥ ከላይ የጠለለው ይቀባል። (ለሽቱና ለመድኃኒት የሚሸጥን ከርቤ ለብረት ማዋል ግን ኪሣራ መሆኑ አይካድም።)

በፈረንጆች አቆጣጠር በ79 የሞተው ሮማዊው ፕሊኒ ብረት በእርሳስ ነጭ ቀለም፣ በጀሶና በፈሳሽ ቅጥራን ከዝገት እንደሚጠበቅ ጽፏል። በሕንድ አገር ከዛፍ ሳይሆን ከነፍሳት የሚገኘው ላክ በአልኮል ሟሙቶ ናስ ይቀባበታል። በአውሮፓ ደግሞ ሬዚንን በተልባ ዘይት አብስሎ ቫርኒሽ ማውጣት የቆየ ልማድ ነው። ተልባ በኢትዮጵያ የታወቀ አዝርዕት ስለ ሆነ ይህ የመጨረሻው መንገድ የቀረበ ይመስላል። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክሲጅን ወስዶ ይጠነክራል፤ ቅቤ ግን ሳይደርቅ ይቀርና አቧራ ይይዛል። ሬዚን ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውሃ ይገባና ዝገቱ ከልባሱ በታች ይስፋፋል። ዘይቱ የሚጨመረው ይህን ለመከላከል ነው።

ማረሻን መቀባት ከንቱ ድካም ነው፤ አፈሩ በመጀመሪያው ትልም ይፍቀዋል። ቫርኒሹ የሚስማማው ለበር ማጠፊያ፣ ለሣጥን ቁልፍና ለመሰሉት ነው፤ እነርሱም ቢሆኑ አስቀድሞ ዝገታቸው ተፍቆ፣ እርጥበታቸው ፈጽሞ ሊደርቅ ይገባል።