ስንት አሳለፈ ወይስ ስንት አደረሰ?

ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል በኢትዮጵያ የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ቦታቸው የረጋ አይደለም። በንጉሡ ዘመን ማብቂያና በደርግ ጊዜ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ እየተባሉ ለብቻቸው ይቆጠሩ ነበር። የ1986ቱ ፖሊሲ ከአንደኛ ደረጃ ጋር ጠቀለላቸው፤ የ2015ቱ መልሶ ነጠላቸውና መካከለኛ ደረጃ አላቸው። በወላይታ ገጠር ግን ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ በአንድ ግቢ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው።

ቦዲቲ ወይም አረካ ላይ ያለ ወላጅ ሁለት የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ሲያወዳድር የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ዘንድሮ ስምንተኛ ስንት አሳለፈ?» መንግሥት ግን ሌላም ሚዛን አለው፤ ኢንስፔክሽን ይባላል። ትምህርት ቤቶች የሚመዘኑት በ26 ስታንዳርዶች ነው። ከመቶው 25ቱ ለግብዓት ነው፤ ክፍል፣ መጽሐፍ፣ ውሃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የመምህራን ብቃት እዚህ ይገባሉ። 35ቱ ለሂደት፣ ማለትም ክፍል ውስጥ ለሚሆነውና ለአመራሩ ነው፤ ቀሪው 40 ለውጤት። ከ50 በታች ያገኘ ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ሳይሞላ ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ሳይሞላ ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ይባላል።

የአሠራሩ ጥሩ ጎን ድሃ ትምህርት ቤትን በሕንፃው ብቻ አለመመዘኑ ነው። በግብዓት ከ25 አሥር ብቻ ያገኘ፣ ግን በሂደት 30 በውጤት 30 የሰበሰበ ትምህርት ቤት ድምሩ 70 ነው፤ ደረጃ 3 ይገባል። ድክመቱ ደግሞ 51ንና 69ን በአንድ ስም መጥራቱ ነው። ስለዚህ ደረጃውን ሰምቶ ከመሄድ ነጥቡ በሦስቱ ዘርፎች እንዴት እንደተከፋፈለ መጠየቅ ይሻላል።

ወደ ፈተናው እንመለስ። ትልልቆቹ ዛሬም «ሚኒስትሪ» የሚሉት የስምንተኛ ክፍል ፈተና ክልላዊ ነው። ሶዶ የአስተዳደር መቀመጫው የሆነችለት የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የተመሠረተው በነሐሴ 2015 ነው፤ የቀድሞው የደቡብ ክልል ፈተና ውጤት ከአሁኑ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ይህ መዘንጋት የለበትም። የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። እንበልና ሁለት ትምህርት ቤቶች በሰባተኛ ክፍል እኩል 120 ልጆች መዘገቡ። አንደኛው 60 አስፈትኖ 54 አሳለፈ፤ ሁለተኛው 110 አስፈትኖ 77 አሳለፈ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንደኛው 90 በመቶ፣ ሁለተኛው 70 በመቶ ይሆናል። ከተመዘገቡት ሲቆጠር ግን አንደኛው ያሳለፈው 45 በመቶውን፣ ሁለተኛው 64 በመቶውን ነው። እኔ ልጄን ወደ ሁለተኛው እልካለሁ።

የጎደሉት ልጆች የት ሄዱ? ወላይታ መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ጥቅጥቅ ያለ አገር ነው፤ በዳሞታ ተራራ ዙሪያ ባሉት ወረዳዎች የአንድ ቤተሰብ ማሳ ከጓሮ ብዙም የማይሰፋበት አለ። የበልግ ዝናብ ሲዘገይ ያለፈው እህል ያልቃል፤ ስኳር ድንችና እንሰት ላይ ይወደቃል። በዚያ ሰሞን የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ወርዶ ሊስትሮ ይሆናል፤ ልጅቷ ሰው ቤት ትቀጠራለች። ፈተናው ሲደርስ ስማቸው ሮስተር ላይ አለ፣ እነሱ የሉም። ይህን በመምህሩ ስንፍና ማመካኘት ግፍ ነው፤ ግን ቤት ለቤት ሄዶ የቀረ ተማሪ የሚፈልግ ርዕሰ መምህርና የማይፈልግ እኩል አይደሉም።

የቋንቋው ነገርም አለ። በቀድሞው የደቡብ ክልል አሠራር ልጁ እስከ አራተኛ በወላይትኛ ተምሮ አምስተኛ ላይ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገር ነበር። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ወላይታ ላይ ቀላል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም፤ በ1992 «ወጋጎዳ» የተባለው የአራት ቋንቋ ቅልቅል መጽሐፍ ሶዶ ላይ ከባድ ተቃውሞ አስነስቶ ተሰብስቧል፤ ወላይታም ብዙም ሳይቆይ ከሰሜን ኦሞ ተለይታ የራሷን ዞን አገኘች። ስምንተኛ ላይ ሳይንስ የወደቀ ልጅ ሳይንሱ ይሁን እንግሊዝኛው የጣለው፣ ከውጤት ወረቀቱ አይታይም። ቤቱ መጽሐፍና ቴሌቪዥን ያለው የሶዶ ልጅ እዚህ ላይ ይቀድማል፤ ትምህርት ቤቱ ምንም ሳይጨምርለት።

ስለዚህ የሶዶን ከተማ ትምህርት ቤት ከኪንዶ ዲዳዬ ቆላ ትምህርት ቤት ጋር ማወዳደር የሚለካው ከትምህርት ቤቱ ይልቅ ከተማውን ነው። ለእውነት የሚቀርበው ንጽጽር በጉድኝት ውስጥ ያለው ነው፦ ጎረቤት ትምህርት ቤቶች አንድ ማዕከል ስር ተሰባስበው በአንድ ሱፐርቫይዘር ይታያሉ፣ ልጆቻቸው አንድ ገበያ ይወጣሉ፣ አንድ ዝናብ ይጠብቃሉ። የሰባተኛ ክፍል ተመዝጋቢና የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ቁጥር በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ አለ። ወላጅ ቁጥሩን በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ ስንት ክፍል በፈረቃ እንደሚማርና የሒሳብ መምህሩ ከመጣ ስንት ዓመቱ እንደሆነም አብሮ ይጠይቅ፤ ራቅ ባሉት ወረዳዎች መምህር ዝውውር በጠየቀ ቁጥር የሚጎዳው ተማሪው ነውና።