ስለ ገላ ጠጉር መላጨት፤ የሰው ወሬና የራስ ፈቃድ

ጠጉር ለሰው ልጅ ከተፈጥሮው ጋራ የተሰጠ ነው። ይሁን እንጂ ጠጉሩን እንደ በቀለ የሚተወው ሕዝብ እምብዛም አይገኝም፤ አንዱ ያሳድጋል፣ አንዱ ይቈርጣል፣ አንዱ ይሠራል፣ አንዱም ይላጫል። በአገራችንም ቢሆን የሕፃኑ ራስ ተላጭቶ ቁንጮ ሲቀርለት፣ ልጃገረዷ ሹሩባ ስትሠራ፣ ሐዘንተኛው ራሱን ሲላጭ፣ ተመልካች ዕድሜውንና ያለበትን ሁኔታ ከጠጉሩ ያስተውል ነበር። ስለዚህ ጠጉርን መላጨት በራሱ እንግዳ ነገር አይደለም። ልንመረምረው የሚገባን ሌላ ነው፤ ይኸውም አንዲት ሴት ከብብቷ፣ ከባቷ፣ ወይም ከአገጯ ላይ ያለውን ጠጉር ስታስወግድ ወይም ስትተው፣ ይህን የምታደርገው በገዛ ፈቃዷ ነውን? ወይስ የሰው ዓይንና የነጋዴ ቃል አስገድዷት ነው? የሚለው ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ የአሜሪካ አገር ታሪክ ግልጽ የሆነ ምስክርነት ይሰጠናል፤ ነውር ያልነበረ ነገር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነውር ሆኖ የተገኘው በዚያ ነውና። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

በዚያ አገር እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ የወይዛዝርት የቀን ልብስ እጅጌው ክንድን፣ ዘርፉም እግርን የሚሸፍን ስለ ነበረ፣ የብብትና የእግር ጠጉር ለማንም የወሬ ምክንያት አልሆነም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እጅጌ የሌለው ስስ ልብስ ፋሽን ሆኖ መጣ። በ1915 ዓ.ም. የወይዛዝርት መጽሔት በሆነው በሃርፐርስ ባዛር ላይ አንዲት ሴት እጅጌ የሌለው ልብስ ለብሳ ክንዷን ወደ ላይ አንሥታ የምትታይበት ማስታወቂያ ወጣ። የሚሸጠው ዕቃ ጠጉር የሚያረግፍ ዱቄት ነበር፤ የማስታወቂያውም ትምህርት እንዲህ ያለ ልብስ የምትለብስ ሴት የብብቷን ጠጉር ልታስወግድ ግድ ነው የሚል ነበር።

የመላጫ ነጋዴዎችም ወደ ኋላ አልቀሩም። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ፣ ስለቱ ሲደነዝዝ ተጥሎ በሌላ የሚተካ ስስ ምላጭ ያለውን መላጫ ለወንዶች መሸጥ በጀመረበት በ1903 ዓ.ም. የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ንግዱ እጅግ ሰፋ። ሆኖም ጺም ያለው ወንድ ብቻ ስለ ሆነ፣ ከሕዝቡ እኩሌታ የሚሆኑት ሴቶች ከገበያው ውጭ ነበሩ። ስለዚህ ኩባንያው በ1915 ዓ.ም. «ሚሌዲ ዴኮልቴ» የሚል ስም የተሰጠውን፣ በወርቅ የተለበጠውን የሴቶች መላጫ አወጣ።

የነጋዴው ብልኀት እዚህ ላይ ሊስተዋል ይገባል። ዳቦ ሻጭ ረኀብን አይፈጥርም፤ ረኀቡ አስቀድሞ አለና። ጠጉር ማስወገጃ የሚሸጠው ግን ዕቃውን ከማቅረቡ በፊት ኀፍረቱን ማቅረብ ነበረበት። ትናንት ስለ ብብቷ አስባ የማታውቀዋን ሴት፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ብብትሽን ይመለከታል ብሎ አሳሰባት፤ ካሳሰባት በኋላም መድኀኒቱ ከእኔ ዘንድ ይገኛል አላት። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ከብብት ቀጥሎ ተራው የእግር ሆነ። ከ1920 ዓ.ም. በኋላ ቀሚስ ከባት በላይ እያጠረ ሄደ። በ1940 ዓ.ም. ከናይለን የተሠራ ረዥም የእግር ሹራብ ለገበያ ቀርቦ ሴቶች ተሻሙበት፤ በ1942 ዓ.ም. ግን ናይለኑ ለጦርነቱ የፓራሹት መሥሪያ ስለ ተፈለገ ሹራቡ ከገበያ ጠፋ። በዚህ ጊዜ ብዙዎቹ ሹራብ የለበሱ ይመስሉ ዘንድ እግራቸውን ቀለም ይቀቡ ጀመር፤ ቀለሙም በጠጉር ላይ ስለማያምር መላጨቱ ይበልጥ ተስፋፋ። በ1964 ዓ.ም. በተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 44 ዓመት ከሆኑት የአሜሪካ ሴቶች ከመቶው 98ቱ እግራቸውን የሚላጩ ሆነው ተገኙ። አያቶቻቸው የማያውቁት ሥራ በ50 ዓመት ውስጥ ለልጅ ልጆቻቸው ግዴታ ሆነ ማለት ነው።

ጉዳዩ በምላጭ ብቻ ቢቀር ኖሮ ከጥቂት ገንዘብና ከጥቂት ሰዓት በቀር የሚጐዳ ነገር ባልኖረውም ነበር። ነገር ግን የተላጨ ጠጉር ወፍሮና ጠቍሮ ይመለሳል የሚል ወሬ በሕዝቡ ዘንድ የጸና ነበር። ይህ ወሬ እውነት አይደለም። ሚልድረድ ትሮተር የተባሉት ሴት ሊቅ በሴንት ሉዊስ ከተማ በዋሺንግተን ዩኒቨርስቲ ሳሉ በ1928 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ መላጨት የጠጉርን ውፍረትም ሆነ የዕድገቱን ፍጥነት እንደማይለውጥ አስረድተዋል። ምላጭ የሚቈርጠው ከቆዳ በላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ሥሩን አይነካም። የተቈረጠው ጫፍ ደፍጣጣ ስለሚሆን እጅ ሲዳስሰው ሻካራ ይመስላል እንጂ ጠጉሩ ያው ጠጉር ነው። ያም ሆኖ ወሬውን ያመኑት ሴቶች፣ በተለይም በፊታቸው ላይ ጠጉር ያለባቸው፣ ምላጭን ፈርተው ጠጉርን ከሥሩ የሚያጠፋ ነገር ይፈልጉ ጀመር። አደጋውም የመጣው በዚህ በር ነው።

ጀርመናዊው ሊቅ ሮንትገን ራጅ የምንለውን ጨረር ያገኙት በ1895 ዓ.ም. ነበር። በማግሥቱ ዓመት በቪዬና ከተማ ሊዮፖልድ ፍሮይንድ የተባሉት ሐኪም ይህን ጨረር በጀርባዋ ላይ ጠጉራም እንከን ባለባት በአንዲት ትንሽ ልጅ ላይ ሞከሩት፤ ጠጉሩ ረገፈ፤ ነገር ግን የልጅቱ ቆዳ ክፉኛ ቈሰለ። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ከመጀመሪያው ቢታይም፣ በ1920ዎቹ ዓመታት አልበርት ጋይዘር የተባሉ የኒው ዮርክ ሐኪም ትሪኮ የሚባል የጨረር መሣሪያ አዘጋጅተው በብዙ ከተሞች ላሉት የቁንጅና ቤቶች አከፋፈሉ። ሴቲቱ በሣጥኑ ፊት ተቀምጣ ጕንጯንና አገጯን ወደ ትንሿ መስኮት ታስጠጋለች፤ ሕመም የለውም፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተነሥታ ትሄዳለች። ይህም በየጊዜው እየተደጋገመ ጠጉሩ በእውነት ይረግፍ ነበር።

ጨረሩ ግን ጠጉሩን ብቻ አልነካም። ከወራትና ከዓመታት በኋላ የብዙዎቹ ሴቶች ቆዳ ይጨማደድ፣ ይነጣ፣ ይቈስል ጀመር፤ በአንዳንዶቹም ላይ ካንሰር የሚባለው ነቀርሳ ወጥቶ ለሞት አደረሳቸው። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1929 ዓ.ም. ሥራውን አጥብቆ አወገዘ፤ ኩባንያውም ወዲያው ተዘጋ። ነገር ግን የኀፍረቱ ምክንያት ስላልጠፋ፣ ሌሎች ሰዎች በስውር ቤት ይህንኑ ሥራ ይሠሩ ነበር፤ ሴቶቹም እየከፈሉ ይሄዱ ነበር።

የራጁ ነገር ገና ሳይረሳ፣ ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሬምሉ የሚባል ቅባት ለገበያ ወጣ። በውስጡ የነበረው ታሊየም ነው፤ ይህም ለአይጥ መርዝነት ያገለግል የነበረ ማዕድን ነው። ቅባቱ ጠጉርን የሚያረግፈው መርዙ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ስለሚገባ ነበር። ስለዚህ የከንፈሯን ጠጉር ለማጥፋት ብላ የተቀባችው ሴት የራሷን ጠጉር አጣች፤ እግሯ ደነዘዘ፤ አንዳንዷም መራመድ ተሳናት፤ ዓይኗም ደከመ። ኩባንያው በተጐጂዎች ክስ ብዛት በ1932 ዓ.ም. ከሰረ። የሚያስደንቀው ግን ይህ ቅባት በተከበሩ መደብሮች ይሸጥ የነበረ መሆኑና፣ በጊዜው መንግሥት የቁንጅና ዕቃን ለመቈጣጠር የሚያስችለው ሕግ ያልነበረው መሆኑ ነው። ይህንና ይህን የመሰሉ ጉዳቶች ለሕዝብና ለሕግ አውጪዎች በኤግዚቢሽን ከታዩ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በሰኔ ወር 1938 ዓ.ም. የቁንጅና ዕቃን ጭምር የሚቈጣጠረውን ሕግ ፈረሙ።

እነዚያ ሴቶች ሞኞች ነበሩ የሚል ቢኖር ፍርዱ ትክክል አይደለም። ብዙዎቹ ከሰው ፊት መቅረብ አፍረው፣ ለሥራና ለትዳር እንቅፋት ይሆንብናል ብለው ፈርተው ነበር። ሕመም የሌለውን ሰው ሕመምተኛ ነህ ብለው ካስጨነቁት፣ የቀረበለትን መድኀኒት መርዝ መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ዕረፍት አያገኝም።

ዛሬ የተሻለ መንገድ የለም ማለታችን አይደለም። በመርፌና በኤሌክትሪክ የጠጉርን ሥር የማቃጠል ጥበብ ቻርልስ ሚሼል የተባሉት የሴንት ሉዊስ የዓይን ሐኪም ወደ ውስጥ የሚበቅል ሽፋሽፍትን ለማከም ተጠቅመውበት በ1875 ዓ.ም. የገለጹት ሲሆን፣ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሌዘር የሚባለው ብርሃን ተጨምሯል። ነገር ግን ይህን ለመጠቀም የሚያስብ ኢትዮጵያዊ አንድ ነገር ማወቅ ይገባዋል። የሌዘር ብርሃን የሚፈልገው ጥቍሩን ቀለም ነው፤ ቀለሙም በጠጉር ብቻ ሳይሆን በጠይም ቆዳ ውስጥም ይገኛል። ስለዚህ ለነጭ ቆዳ የተመጠነው ብርሃን በጠይም ቆዳ ላይ ቃጠሎና ጠባሳ ሊያመጣ ይችላል። ለጠይምና ለጥቍር ቆዳ የሚሻለው 1064 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ኤን ዲ ያግ የሚባለው ሌዘር ስለ ሆነ፣ በየትኛው መሣሪያ እንደሚሠራና ሠሪው በጠይም ቆዳ ላይ የለመደ እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። ደግሞም ጥምዝ ጠጉር ከሥሩ ተጠግቶ ሲላጭ ጫፉ ወደ ቆዳ ተመልሶ እየገባ እባጭና ጥቍር ነጥብ ስለሚያመጣ፣ ቆዳን ለቀቅ አድርጎ መቍረጥ ይሻላል።

ሌላም መታወቅ የሚገባው አለ። በሴት አገጭ፣ በደረት ወይም በሆድ ላይ ጠንካራ ጠጉር መብቀል አንዳንድ ጊዜ የሆርሞን መዛባት ምልክት ይሆናል፤ ከመቶ ሴቶች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ይህ ይታይባቸዋል። በ1935 ዓ.ም. ስታይንና ሌቨንታል የተባሉት የቺካጎ ሐኪሞች የወር አበባ መቋረጥን፣ መካንነትንና የእንዲህ ያለውን ጠጉር መብዛት ከእንቍላል ዕጢ ሁኔታ ጋራ አያይዘው ጽፈዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር በድንገት የበዛባት ወይም የወር አበባዋ የተዛባባት ሴት፣ ወደ ቅባት ሻጭ ከመሄዷ በፊት ወደ ሐኪም መሄድ ይገባታል። የሚያሳዝነው ግን ኀፍረት ጠጉሩን በሸሸገ ቍጥር በሽታውንም አብሮ የሚሸሽግ መሆኑ ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ ከ1970 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ፣ ለሴቶች መብት የሚከራከሩ አንዳንድ አሜሪካውያን ሴቶች አንላጭም ብለው ተነሥተዋል። ይህም መብታቸው ነው። ነገር ግን የሰው ዓይን በዚህም በኩል አያርፍም። በ1999 ዓ.ም. ጁሊያ ሮበርትስ የተባለችው የፊልም ተዋናይ በሎንዶን ለፊልም ምርቃት ሄዳ ሕዝቡን ሰላም ለማለት እጇን ብታነሣ፣ የብብቷ ጠጉር ታየና ጋዜጦች ሁሉ ጻፉበት፤ አንዳንዱ ነቀፈ፣ አንዳንዱም የትግል ዐዋጅ አድርጎ አመሰገነ። እርሷ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ስትጠየቅ፣ የልብሷን እጅጌ ማጠር አላሰበችበትም እንጂ ለማንም ያስተላለፈችው መልእክት እንዳልነበረ ተናገረች። የነቀፏትም ያመሰገኗትም እርሷን ሳይጠይቁ በገላዋ ላይ ፈርደው ነበር።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ለቤተ ሰብ አስተዳዳሪዎች ቀላል አይደለም። ልጃገረድ በአካለ መጠን ስትደርስ የብብቷና የገላዋ ጠጉር መብቀሉ የጤንነት ምልክት መሆኑን፣ ከንጽሕና ጉድለትም የመጣ አለመሆኑን እናቷ አስቀድማ ብትነግራት፣ ከሰው አፍ በስድብ ከመስማት ትድናለች። ገላን በውኃና በሳሙና መታጠብ ንጽሕናን ይጠብቃል፤ ጠጉር ኖረም አልኖረ። ወንድም በእኅቱ፣ ባልም በሚስቱ ገላ ላይ የሚናገረው የቀልድ ቃል ለተናጋሪው ቶሎ ይረሳል፤ ለሰሚዋ ግን ብዙ ዓመት ይኖራል። ያን የመርዝ ቅባት ገዝተው የተቀቡትም እንዲህ ያለ ቃል የሰሙት ወይም እንዳይሰሙ የፈሩት ናቸው።

መላጨት የምትወድ ትላጭ፤ መተው የምትወድም ትተው። የምትላጨዋን ከንቱ፣ የምትተወዋንም ቈሻሻ ብሎ መስደብ አይገባም። ለጠየቀች ጊዜ ግን እውነተኛውን ምክር እንስጣት፤ ይኸውም በቆዳዋ ላይ የምታደርገውን ነገር ምንነት ሳትመረምር አትቀበል፤ ሻጩንም ስለ ዕቃው ከመጠየቋ በፊት፣ ይህን ነገር ያስፈለገኝ ማን አስፈልጎኝ ነው? ብላ ራሷን ትጠይቅ።