ንጋት ሐይቅ፣ ዓሣውና አስጋሪው

በመተከል ቆላ የሚኖረው ጉሙዝ ዓሣን የሚያውቀው ከወንዝ ነው፤ ከአባይና ከበለስ፣ ወደ እነርሱም ከሚወርዱት ገባሮች። በቡለን ደጋማ ክፍል ያለው ሰው ግን፣ ሽናሻውም ሆነ አገው፣ ይበልጡን በእርሻና በከብት የሚተዳደር ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ፣ በጉባ ወረዳ አባይን ገትቶ፣ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍንና 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ፣ ንጋት የተባለ ሐይቅ በፈጠረ ጊዜ፣ ወንዝ ለምዶ የኖረ ሕዝብ በአንድ ትውልድ ዕድሜ የባሕር ጎረቤት ሆነ።

አስቀድሞ አንድ ምኞት ማረም ይገባል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች፣ በዌብና በዳንካ ወንዞች የተለቀቀው ትራውት ለእንግዳ አጥማጅ መስሕብ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቅዝቃዜ የባሕርዩ ግድ ስለሆነ፣ ሞልቶ ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ላይ በሚተኛ የቆላ ሐይቅ ትራውት ማሰብ በበረሃ ገብስ እንደ መዝራት ነው። ለዚህ ውኃ የተገቡት ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው፤ እነርሱም ማንም ሳያመጣቸው ቀድሞውኑ በወንዙ ውስጥ ነበሩ።

አዲስ ሐይቅ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለጋስ ነው። ውኃው የዋጠው ሣርና ቅጠል ሲበሰብስ፣ አፈሩም ያለውን ለምነት ሲለቅ፣ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ፍጥረታት ይበዛሉ፤ በእነርሱም ዓሣው ይወፍራል፣ ይራባል፤ አስጋሪውም ይህ በረከት የማያልቅ ይመስለዋል። በግብፅ ያለው የናስር ሐይቅ ምርት ግን በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ 34 ሺህ ቶን ከደረሰ በኋላ ወርዷል። በግድብ ሐይቅ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ ወንዱ ቀረሶ ጎጆውን ጥልቅ ባልሆነ የውኃ ዳር ይቆፍራልና፣ ውኃው ለኃይል ማመንጫ ተለቆ ሲጎድል ጎጆው በደረቅ ይቀራል፤ ስለዚህ የግድቡ ሹም ውኃ በሚለቅበት ምክር የዓሣውም ባለሙያ ሊቀመጥ ይገባል እላለሁ።

ከሩቅ አገር ይልቅ ግን ጣና ይቀርበናል። ጣና በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው አባይ ተለይቶ የቀረ በመሆኑ፣ በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኙ፣ ከአሥር የበለጡ የነጭ ዓሣ ወገኖች በውስጡ ተፈጥረው ይኖራሉ። ወይጦው በደንገል ታንኳ ከዳር ከዳር ሲያሰግር ሐይቁን ያጎደለው አልነበረም፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ባለሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ሲገባ ግን፣ ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት የነጭ ዓሣው ምርት በ75 በመቶ ያህል አሽቆለቆለ። ነጭ ዓሣ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ይወጣል፤ አስጋሪውም ይህን ስለሚያውቅ መረቡን በወንዙ አፍ ይዘረጋል፤ የሚይዛትም እናቲቱን ከነእንቁላሏ ነው። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ላይ የሚበትነውማ ትልቁንም ትንሹንም አንድ ላይ ይፈጃል።

የጣናን ውኃ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በዋሻ የሚቀበለው በለስ ራሱ ወደ ንጋት ሐይቅ የሚገባ ወንዝ ነው፤ ስለዚህ እዚያ የሆነው እዚህም እንዳይደገም የሚከለክል ነገር የለም። ሕግስ አልጠፋም፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ታውጇል። የጎደለው አዋጁን ከአሶሳና ከግልገል በለስ መሥሪያ ቤቶች አውጥቶ በወንዝ አፍ የሚያቆመው ሰው ነው፤ ለዚህም ከሩቅ ከሚላክ ዘበኛ ይልቅ፣ ዓሣው መቼና በየት እንደሚወጣ ከአባቱ የተማረ የጉሙዝ አስጋሪ፣ ድርሻው በጽሑፍ ከታወቀለት፣ ይሻላል።

ስለዚህ ዓሣው እንቁላሉን በሚጥልበት ክረምት የበለስን አፍ ለአራት ወር ከማስገር መዝጋት ይገባል እላለሁ። ይህ አስጋሪውን ያስርባል የሚሉ አሉ፤ ክርክሩም የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ የዓሣ ገበያ የሚደራው በዓቢይ ጾም ነው፤ ያም ጊዜ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ውስጥ ይውላል። በተዘጋው ወራት የሚያመልጠው የጾም ገበያ በዋናነት የፍልሰታ ሁለት ሳምንት ነው፤ በዚያን ጊዜም ዋናው ሐይቅ ክፍት ሆኖ የሚዘጋው የወንዙ አፍ ብቻ ነው።