«30ቀን» ቁጥር ነው ወይ?

ከተወሰነ ቀን በላይ የቆዩ ፋይሎችን የሚያጠፋ የኮማንድ ላይን ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጻፋችሁ እንበል። ተጠቃሚው በ30 ፈንታ «ሠላሳ» ብሎ ቢጽፍስ? ኤቱአይ የሚባለውን የቆየ ፈንክሽን ከተጠቀማችሁ ያለ ምንም የስህተት መልእክት 0 ይመልሳል። ከ0 ቀን በላይ የቆየ ፋይል ደግሞ ሁሉም ፋይል ነው! «1,500» ከተጻፈለትም ኮማው ላይ ቆሞ 1 ይላል።

እንዲህ ዓይነቱ ቸርነት ለማንም አይጠቅምም። ግቤቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጥር ካልሆነ ፕሮግራሙ ሥራውን መጀመር የለበትም። በሲ ለዚህ ስትሮቶል አለ፤ የት ላይ ማንበብ እንዳቆመ ስለሚነግራችሁ የተረፈ ፊደል ካለ ግቤቱን ትመልሳላችሁ። የፓይተን ኢንት «30ቀን»ን ራሱ አይቀበልም።

ኮማና ነጥብ ላይም መገመት አያዋጣም። 1.500 ለጀርመን ነዋሪ አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው፤ ለአሜሪካ ነዋሪ አንድ ተኩል።

ከፊት ያለች ዜሮም ታስቸግራለች። ባሽ በስሌት ውስጥ በ0 የሚጀምርን ቁጥር በስምንት ቤት ስለሚያነበው 010 ማለት 8 ነው፤ 08 እና 09 ደግሞ ስህተት ናቸው። የወሩን ቁጥር ከዴት ኮማንድ ወስዶ የሚያሰላ ስክሪፕት እስከ ጁላይ በሰላም ይሠራል፣ ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ ይሰበራል፣ ኦክቶበር ላይ ራሱ ይድናል። (ይህን ዓይነቱን ስህተት ፈልጎ ማግኘት እንዴት እንደሚያደክም አስቡት።)

የእኛው ቁጥርስ? ፓይተን ውስጥ «፭»ን በኢዝዲጂት ብትፈትሹት «ትሩ» ይላችኋል። አምናችሁት ለኢንት ስትሰጡት ግን በቫልዩ ኤረር ይቆማል። የዓረብኛው ٥ በሁለቱም ያልፋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፣ ለአሥርና ለመቶም የራሳቸው ምልክት አላቸው፤ 15 የሚጻፈው ፲፭ ተብሎ ነው። ስለዚህ ዩኒኮድ ፭ን አኃዝ ይለዋል እንጂ በአሥር ቤት ከሚደረደሩት አይቆጥረውም። ትክክለኛው መፈተሻ ኢዝዴሲማል ነው፤ ከዚያ የሚሻለው ግን በቀጥታ በኢንት ሞክሮ ስህተቱን መያዝ ነው።

የግዕዝ ቁጥር መቀበል ከፈለጋችሁ መቀየሪያውን ራሳችሁ ጻፉ፤ ከማጥፋታችሁ በፊትም «፲፭ = 15 ቀን፤ ልቀጥል?» ብላችሁ ጠይቁ። ስትመልሱም «ስህተት» ብቻ ብላችሁ አትተዉት፦ «‹30ቀን› ቁጥር አይደለም፤ ቁጥሩን ብቻ ይጻፉ፤ ለምሳሌ 30»። የመውጫ ኮዱም ከ0 የተለየ ይሁን፤ አለዚያ የጠራችሁ ስክሪፕት ሁሉም ነገር እንደተሳካ ቆጥሮ ይቀጥላል።